ታጥቦ የነጣው ማሽላ

ይድረስ ለእኅቴ ለታንጉ፣ እብናት።

እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ? ክረምቱ እንዴት አለፈላችሁ? እምዬስ እንደምን ናቸው፣ ጉልበታቸው ዝናቡን ቻለው? እፀገነትስ፣ ቤቱስ፣ ከብቱስ፣ የጓሮው ጎመን ሳይቀር ደኅና ነው? እንደ ልማዳችን ቢሆን ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይሞላ ነበር። ዛሬ ግን እዚህ ላይ አቆመዋለሁ፤ የቀረውን ከመጨረሻው ታገኚዋለሽ። ከሰላምታም አስቀድሞ መባል ያለበት ነገር አለ።

ባልሽ ለይኩን በሐምሌ መጨረሻ በአገራችን ልጅ በደምለው እጅ የላከልሽ ማሽላ መርዝ አለበት። አትብሉት። ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ከገበያ ማሽላ የሚለየው ነገር አይታይሽም፤ ግን መርዝ አለበት፣ ሰውም ገድሏል። ደግመሽ ብታጥቢው አይወጣም። ብትቆዪው፣ ብትቀቅዪው፣ ብትፈጪው አይወጣም። ለመስቀል ጠላ እንዳሰባችሁት አውቃለሁ፤ ጠላም ቢሆን አይወጣም፣ ጎረቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል እንጂ።

እፀገነት፣ ልጄ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ነሽና እዚህ ላይ ንባቡን አቁሚ። ከእናትሽ ጋር ተነሡና ከረጢቱን ፈልጉት። አፉን አጥብቃችሁ እሰሩና ሕፃን ከማይደርስበት፣ ዶሮም አይጥም ከማይነካው ቦታ ስቀሉት። ወንዝ አትጣሉት፤ ከብቱም ሰዉም ይጠጣዋል። ጓሮም አትበትኑት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በማግስቱ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠርታችሁ ከነከረጢቱ አስረክቡት፤ ያ ከረጢት ከእንግዲህ እህል አይያዝበትም። ከዚህ ቀደም ከእሱ የቀመሰ ሰው ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ራሱን ካዞረው፣ ዓይኑ ከጨለመበት፣ ምራቁ ከበዛ፣ ሥጋው ከተንዘፈዘፈ፣ ጠበልም ፌጦም ሳትሉ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ከማሽላውም በላስቲክ ቋጥራችሁ ያዙ፣ ሐኪሙ አይቶት ይወቀው። ይህን ሁሉ ከጨረስሽ በኋላ ተመልሰሽ ቀጥዪ። እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ።

አሁን ተመልሳችሁ ቁጭ ብላችሁ ከሆነ የቀረውን ልንገራችሁ። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ሁለቱን ጽፌ ቀድጃቸዋለሁ፣ ራሴን የሚያድኑ ቃላት ስለበዙባቸው።

እታለም፣ ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ስልኩ ሁለት ደቂቃ ሰጥቶን ስናወራ፣ ለይኩን ወባ ይዞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ባልሽን ወባ አልያዘውም። ባልሽ ይህን ማሽላ በልቶ ነው። የበላውም በእኔ ቃል ነው።

ከሽንፋ በእግር አራት ሰዓት ከሚያስኬድ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ ለሠራተኞች ምግብ አብሳይ ሆኜ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ አረሙ ጥሩ ይከፍላል፣ ና ብዬ ለይኩንን የጠራሁትም እኔው ነኝ። ሃያ ሦስት ሰው ነበርን። ከወሎም፣ ከጎጃምም፣ ከእኛም አገር የመጣ አለ። የምናድረው እዚህ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ነው፤ ዘሩና መሣሪያው ደግሞ ከጎኑ ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል።

በሰኔ ማለቂያ ለማሽላው ዘር መጣ። ነቀዝና ሻጋታ እንዳይነካው በኬሚካል የታሸ ነው፤ ሰው በዓይኑ እንዲለየው ብለው ደማቅ ቀይ ቀለም ነክረውታል። በዚያው ሰሞን ሙባረካ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሽንፋ በእግሯ መጣችና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። «ውባንች፣ አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ፤ ለምሳ ሲሰበሰቡ አንብቢላቸው» አለችኝ። ልትሄድ ስትል ደግሞ ተመልሳ ክንዴን ያዘችና፣ «ዋናው ነገር በውኃ አይለቅም። እዚህ አገር አጥቦ ሊበላው የሚሞክር ሰው አይጠፋም። ይገድላል በያቸው፤ ዶሮ እንኳ አይቅመሰው» አለችኝ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በኋላ አልሰማሁም የምልበት መንገድ የለኝም።

አንቺ እንደምታውቂው የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደሉን የለቀምሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። ግማሹን ገጽ አንብቤ ግማሹ የተቀደደ ስለሚሆን ወሬው ሁሉ መጨረሻ የሌለው ነበር። ሙሉ ወረቀት፣ ያውም ማኅተም ያለበት፣ በሰው ፊት አንብቢ ተብዬ አላውቅም። በዚያን ቀን ጠዋት ነጠላዬን አጥቤ በእንጨት ላይ አሰጣሁት። እንደዚህ ያለ ኩራት ነበረብኝ፤ ለአንቺ መደበቅ ምን ያደርግልኛል?

የሠራተኛው አለቃ ካቦው ወረቀቱን በእጄ ሲያይ፣ «የተጻፈውን ብቻ አንብቢ፤ ከራስሽ ወሬ እንዳትጨምሪ። ሰው ፈርቶ ቢበተን አረሙን አንቺ ትነቅይዋለሽ?» አለኝ። እኔ መቼ ለሰው መልስ ሰጥቼ አውቃለሁ?

ለምሳ ሲሰበሰቡ ቆሜ አነበብሁ። ወረቀቱ፣ «በፀረ ተባይና በፀረ ሻጋታ ኬሚካል የታሸ የዘር እህልን ለሰው ምግብነትም ሆነ ለእንስሳት መኖነት ማዋል በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናሳስባለን» ይላል። አንድ ፊደል ሳልስት ጨረስሁት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከወደ ኋላ ያሉት «አልሰማንም» አሉ፣ ደግሜ አነበብሁላቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ገባቸው አልሁ።

አንዱአምላክ የሚባል ከወሎ፣ ከደላንታ የመጣ ጎልማሳ ነበር፤ ሥራውንም ረኃቡንም በቀልድ የሚያሳልፍ ሰው። እሱ ነው ቀድሞ የተናገረው። «በሉ ተዋት፣ ወንድሞቼ! ጌትዬው ማሽላዋን ኩሎ፣ ከንፈሯን ቀብቶ ለሌላ ድሯታል። ለእናንተ አይደለችም ነው የሚሉን!» አለ። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ፣ «እንግዲያ ሚዜ እንሁን!» ሲል ሌላው፣ «ሚዜማ ይበላል!» አለው። እኔም በነጠላዬ ጫፍ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ።

ያን ሳቅ አሁን አስበዋለሁ። እነሱ ከእኔ አፍ የሰሙት የባለሀብቱን ስስት ነው። ለድኻ ሰው ክልክል ነው ሲሉት ምን ይሰማል? ሌባ አትሁን ማለት ነው የሚመስለው። ይገድላችኋል ያላቸው የለም። ቃሉ በጥርሴና በምላሴ መካከል ቆሞ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ስላልነበረ ዋጥሁት።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ዱቄት ስነፋ ለይኩን መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ወንፊቱን ተቀብሎኝ ትንሽ ነፋልኝ፤ የሚፈልገው ነገር ሲኖረው እንዲህ እንደሚያደርግ አንቺም ታውቂያለሽ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ውባንች፣ ያ ቀዩ ማሽላ ከዘር ተርፎ ተቀምጧል። ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ ቢታጠብስ?» አለኝ። ካቦው ከትራክተሩ ሥር ተኝቶ ብሎን ይፈታ ነበር፤ እግሩ ይታየኛል። የሙባረካ ቃል ትዝ አለኝ። ትዝ አለኝ እልሻለሁ፣ አልረሳሁትም። ግን፣ «ወረቀቱ ስለማጠብ ምንም አይልም» አልሁት።

እንዲህ ብዬ መለስሁለት። ውሸት አልነበረም። ወረቀቱ ስለማጠብ ምንም አይልም።

እሱም፣ «እንዲያ ከሆነ ጥሩ» ብሎ ወንፊቱን መለሰልኝ።

በነሐሴ መጀመሪያ ዱቄቱና ጨው ሊያልቅ ሲል ካቦው በትራክተር ወደ ሽንፋ ይዞኝ ሄደ። በማግስቱ እንመለሳለን ብለን ነበር። በዚያው ቀን ከላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞላው፤ ጥቁሩ አፈር ደግሞ ትራክተሩን እስከ ወገቡ ዋጠው። ዘጠኝ ቀን ሽንፋ ተቀመጥን። ዱቄቱን ጭነን፣ ወንዝ ዳር ቆመን፣ ማዶውን እያየን። ወዲያ ማዶ ያሉት ዱቄታቸውን በአራተኛው ቀን ጨረሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የተረፉት ናቸው የነገሩኝ።

ሁለት ቀን አረንጓዴ ቅጠል ቀቅለው በሉ። ከዚያ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ቀይ ማሽላ ነገር ተነሣ። ከመካከላቸው አንዱ «ተከልክሏል እኮ» ሲል፣ ለይኩን «ስለማጠብ አልተከለከለም፣ ውባንችን ጠይቄያታለሁ፤ የምታነበው እሷ ናት» አላቸው። ወንዝ ዳር ወስደው ሦስት ጊዜ አጠቡት። ውኃው መጀመሪያ እንደ ደም፣ ቀጥሎ እንደ ጠጅ፣ በመጨረሻ ጥርት ብሎ ወረደ አሉኝ። ማሽላው ነጣ። አንዱአምላክ እፍኝ አንሥቶ ለፀሐይ እያሳየ፣ «ሙሽራይቱ ኩሏን አጥባለች፤ እንግዲህ የእኛ ናት!» አለ። ንፍሮ ቀቀሉት።

አሥራ አንድ ሰው በላ። ሌሎቹ ወረቀቱን አምነው ይሁን ፈርተው እንጃ፣ ይቅርብን ብለው ቅጠላቸውን ቀጠሉ። ጊዜው ፍልሰታ ነበርና አንዱአምላክ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ውሎ ነው በባዶ ሆዱ የቀመሰው፤ የርቦት ነበርና አብዝቶ በላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማስመለስ ጀመራቸው። ዓይናቸው ጨለመ፣ አረፋ ደፈቁ፣ ሥጋቸው በቆዳቸው ሥር እንደ ትል ይንቀሳቀስ ነበር አሉ። ያልበሉት ከእንጨት ቃሬዛ ሠሩ፤ በማግስቱ ወንዙ ጎደል ሲል በገመድ ተያይዘው አሻገሯቸው። አንዱአምላክ ወንዙን በሕይወቱ አልተሻገረም።

ሽንፋ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሲደርሱ ቆሜ ነበር። የያዝሁት የጨው ከረጢት ነበር፤ የት እንደጣልሁት እስካሁን አላውቅም። ለይኩንን በፊቱ አላወቅሁትም፣ አንቺ በሰፋሽለት ሸሚዝ ነው ያወቅሁት። ሙባረካ ወዲያ ወዲህ ስትሮጥ ቆይታ ወደ እኔ መጣችና፣ «ውባንች፣ አላነበብሽላቸውም?» አለችኝ። «አንብቤላቸዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ» አልሁ። «ታዲያ ምን ሰሙ?» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፣ ግራ ገብቷት ነበር። ምን እንደሰሙ ጠይቄያቸው አላውቅማ!

አንዱአምላክን ሽንፋ ቀበርነው። ደላንታ ከሚለው በቀር አገሩን የት ብለን እንደምንልክ የሚያውቅ የለም፤ የአባቱን ስም እንኳ በቀልድ ነበር የሚነግረን፣ አንድ ቀን አንዱን፣ ሌላ ቀን ሌላውን። ቤቱ እንደ እናንተ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። ለእነሱ የሚጻፈውን ደብዳቤ ጽፌ ይዤዋለሁ፤ የምልክበት ስም የለውም።

ከቀብሩ በኋላ ሙባረካ ወደሌሎቹ የእርሻ ካምፖች ስትሄድ ተከተልኋት። ያንኑ ታጥቦ የነጣ ማሽላ በውኃ ጠርሙስ አጥብቄ ከድኜ ይዤ ነበር። ወረቀት አላነበብሁም። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ፣ «ይህን ታያላችሁ? ነጭ ነው አይደለም? ይህን የበላ ሰው ሞቷል፤ ስሙ አንዱአምላክ ነው፤ የቀበርሁት እኔ ነኝ» ነው ያልሁት። የሳቀ የለም። አንድ ካምፕ ላይ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ «እኛ ለዶሮ አቅምሰን ነበር፣ አልሞተችም» አሉ። ሙባረካ ዶሮዋ ስንት ፍሬ እንደበላች ጠየቀቻቸው። «አምስት ስድስት ትሆናለች» አሉ። «እርስዎስ፣ አባቴ፣ ለራት ስድስት ፍሬ ይበቃዎታል?» አለቻቸው። ሽማግሌው ተቀመጡ፤ ከዚያ ከራኩባው ሥር አንድ ጣሳ ሙሉ አውጥተው አስረከቡን። ስንጨርስ ደግሞ ሁልጊዜ፣ «በሉ ምን ሰማችሁ?» ብላ እያንዳንዱን ታስደግማለች። ይህን ነው እኔ ያላደረግሁት። ሥራው ይህን ያህል ትንሽ ነበር።

አሁን የከፋውን ልንገርሽ። እንዲህ እየዞርሁ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስናገር ለቤቴ ሰው እዋሽ ነበር። ለይኩን አእምሮው ሲመለስለት ምን እንደያዘው ሲጠይቀኝ፣ የወንዙ ውኃ ነው አልሁት። ማሽላው ነው ብዬ ብነግረው፣ ይታጠብ ያለው እሱ ስለሆነ የአንዱአምላክን ደም በራሱ ላይ ይጭነዋል ብዬ ነበር። ቢያንስ ለራሴ የነገርሁት ምክንያት ይህ ነው። ሐኪሙንም ሙባረካንም እስኪበረታ አትንገሩት ብዬ ለመንኋቸው። እውነቱን ልናገር ካልሁ ግን፣ «አንቺ አይደለሽ ወይ አይልም ያልሽኝ?» እንዳይለኝ ፈርቼ ነው። ለአንቺም በስልክ ወባ ያልሁሽ ለዚሁ ነው።

በዚያው ስልክ ላይ አንቺ፣ «የላከውን ዕቃ ደምለው አድርሶልኛል፣ ለመስቀል አስቀምጬዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ በይው» ብለሽኝ ነበር። እኔ ልብስ መስሎኝ አሜን ብዬ አለፍሁት።

ትናንት፣ መስከረም ሁለት፣ አጥሚት በማንኪያ እያጎረስሁት ሳለ ፈገግ አለና፣ «ታንጉ እስካሁን ጌሾውን ወቅጣ ይሆን? ዘንድሮ ለጠላ እህል አትገዛም» አለኝ። በምኑ ትጠምቃለች አልሁት። ነገረኝ። ሐምሌ ላይ፣ እኔን በጠየቀኝ ሳምንት፣ እሑድ ቀን ብቻውን ወንዝ ወርዶ አንድ ከረጢት ቀይ ማሽላ እስኪነጣ አጥቦ፣ በሸራ ላይ ለሁለት ቀን አድርቆ፣ ደምለው ወባ ታሞ ወደ አገሩ ሲመለስ አስይዞታል። ለመስቀል ብሎ። «እንዳታሳፍሪኝ፣ የሰው እህል ነውና ዝም በይ» ብሎኝ ሳቀ።

እታለም፣ ያን ቀን ወንፊቱን ተቀብሎ የጠየቀኝ ለራሱ ሆድ አልነበረም። ለአንቺ ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉን ነገርሁት፤ ማሽላውንም፣ አንዱአምላክንም፣ ሙባረካ ቀድማ ያለችኝንም። ግድግዳውን ይዞ ተነሣና ወደ በሩ ሄደ። የት ነው አልሁት፤ «መኪና» አለኝ። እግሩ አልታዘዘውምና ደጃፉ ላይ ወደቀ። እዚያው መሬት ላይ ሆኖ፣ «እፀገነት ጠላ ስትጠመቅ ድፍድፉን ትቀምሳለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምራ» አለኝ። ከዚህ በቀር የተናገረኝ የለም። ቢያለቅስ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በነሐሴ ወር እውነቱን ብነግረው ኖሮ ያኔውኑ ይነግረኝ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ስልክ ነበር። ሃያ ቀን ሙሉ ከረጢቱ እቤትሽ ተቀምጦ እኔ እዚህ ለራሴ ስም እጨነቅ ነበር።

ከትናንት ጀምሮ አርባ ጊዜ ያህል ደወልሁ። የእናንተ ኔትወርክ የለም። ሙባረካ በጤና ቢሮ በኩል ለወረዳችሁ እንዲነገር ልሞክር ብላ ሄዳለች፤ ይድረስ አይድረስ ግን በእርግጥ አላውቅም። እኔ ራሴ እንዳልመጣ ለይኩንን የሚያነሣውና የሚያስተኛው ሰው የለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ወደ ጎንደር ሰሊጥ ለሚጭነው ለኢሳ ሰጥቼዋለሁ። ጎረቤቴ የመጂዳ ወንድም ነው፤ እሷም በቁርኣን አስምላዋለች። ጎንደር ሲደርስ ለእብናት አውቶቡስ ሹፌር በእጁ ይሰጠዋል። ፖስታው ላይ በትልቁ «ለይኩን የላከው ማሽላ መርዝ ነው፣ አትብሉ፣ ጠላ አትጥመቁ» ብዬ የጻፍሁት መንገደኛው ሁሉ እንዲያነብበው ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ ያየው ሰው በአፉ ያድርስልኝ ብዬ። የቤታችን ነገር አደባባይ ወጣ ብለሽ አትቆጪኝ። ተሸፍኖ ነው እዚህ የደረሰው።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ደምለው ቤት ሂጂና ለይኩን ለእሱም ቆንጥሮ ሰጥቶት እንደሆነ ጠይቂ፤ ለይኩን አልሰጠሁትም ይላል፣ አእምሮው ግን ገና አልጠራም። የአገራችን ሰው ብዙው በዚህ ቆላ ነው የሚውለው፤ ሌላም ሰው እንዲሁ አጥቦ ልኮ ይሆናል። ስለዚህ እሑድ ሰንበቴ ላይ ሰው ሲሰበሰብ ይህን ደብዳቤ እፀገነት ታንብበው። ማስጠንቀቂያውን ብቻ ቆርጣችሁ አታንብቡ። ክልክል ነው ብቻ ብትሏቸው እነሱም ይስቃሉ። የእኔን ነገር ጨምሩበት። የታንጉ እኅት ውባንች እያወቀች ዝም አለችና ሰው ሞተ፣ የእኅቷም ባል እጁ ማንኪያ አይዝም በሏቸው። ያን ጊዜ ይሰማሉ። ስሜ ቢከፋ ለዚህ ይክፋ።

ለይኩን ሐኪሙ እንደሚለው ቀስ በቀስ ይድናል። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ይጨልምበታል፣ ከረፋዱ በኋላ ይገለጥለታል። እጁ ይንቀጠቀጣል። በጥቅምት መጨረሻ መንገድ ይችላል ብለውኛል፤ እኔው ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ። ደጅሽ ላይ ስደርስ ግቢ ካልሽኝ እገባለሁ፣ ካላልሽኝ እሱን አድርሼ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ያስቀረሁትን ሰላምታ ልጨርስ። የእምዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ስለ ወባው የዋሸሁትን እርስዎም ይወቁት፣ እምዬ፤ እንዲድን የተሳሉለት ስለት ካለ ግን ለለይኩን ነውና አይከልከሉት። ጎረቤታችንን ደሴንና ቤተሰቡን ሰላም በሉልኝ፤ ለመስቀል ጠላ ከእናንተ ዘንድ ቢጠብቁ የቀረበትን ምክንያት ንገሯቸው። ደምለውን ከወባው እንኳን ማረህ በሉልኝ፤ በአደራው እንዳያዝን፣ እሱ ያደረሰው የተሰጠውን ነው።

አንቺም እፀገነት፣ ድምፅሽ ሳይንቀጠቀጥ አንብበሽ ከሆነ ከእኔ ትበልጫለሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ግን ወረቀቱን አጥፈሽ እንዳትቀመጪ። ወደ አያትሽ ዞር በይና፣ «ምን ሰሙ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። በራሳቸው አፍ ይመልሱልሽ። ከዚያ እናትሽን ጠይቂ።

እታለም፣ መልስ ስትልኪልኝ ስለ እኔ ምንም ባትዪ አይከፋኝም። ይቅርታም አልጠይቅሽም፤ አሁን ጊዜው አይደለም። ከረጢቱ አልተነካም የሚል ቃል ብቻ ላኪልኝ። ተነክቶም እንደሆነ እውነቱን ላኪልኝ፤ እንደ እኔ ወባ ነው አትበዪ።

ታናሽ እኅትሽ
ውባንች

ሽንፋ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.